በወንድሜ አንገት የቀለጠው በቆሎ

ወንድሜ ቄስ ደምለው ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቱ ውስጥ በቆሎ ይዞ ኖሯል። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እኔ ሥራነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ደብረ ማርቆስ በነርስነት ያገለገልሁ ሴት ነኝ። አፈኛ ናት ያለኝ ብዙ ነው፣ ውሸታም ናት ያለኝ ግን የለም።

ደምለው ታላቄ ነው። ከቀሰሰ ወዲህ የወለደችው እናታችን እንኳ «እርስዎ» ትለው ነበር፤ እኔም ፊት ለፊቱ «አያ፣ እርስዎ» እያልሁ ነው የማነጋግረው። እዚህ ግን የምጽፈው አብሮኝ ጭቃ ስላቦካው ልጅ ነውና «እሱ» ብለው ቅር አይለውም። ቅር ቢለውም የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ የቤታችንን ቁጣ ሁሉ ጠቅልዬ የወሰድሁት እኔ ነኝ።

የሚያገለግለው ከደምበጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብላ ባለች፣ ግራር አምባ ሚካኤል በምትባል የገጠር ደብር ነው። ዲማ ጉባኤ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ነው የመጣው። ድምፁ ያን ያህል አይደለም፣ ራሱም ያውቀዋል። የታወቀው በአንገቱ ነበር። ለጥምቀት ታቦቱን በራሱ ላይ አክብሮ ሲወጣ፣ ቁልቁለት ሆነ አቀበት፣ ፈረስ ደነበረ ጥይት ተተኮሰ፣ አንገቱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚካኤልን ታቦት ወደ ወንዝ የሚያወርደውም መልሶ የሚያስገባውም እሱ ሆነ። አገሬው የማይናወጥ ነገር ሲያይ «የቄስ ደምለው አንገት» ይል ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት የቤተ ልሔሙ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ፣ ጎረምሳ የጠፋ ይመስል ወንድሜ ጣራ ላይ ወጣ። አንዱ ማገር ከዳውና በጭንቅላቱ ወደቀ። ተነሥቶ፣ ጥምጣሙን አራግፎ፣ እንደገና ወጥቶ ምስማሩን መታ። ለእኔ የነገረኝ የለም። ክረምቱ ሲገባ ቀኝ እጁ ይደነዝዘው ጀመር። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገቱን በቅቤ አሳሸ፣ አስጠመዘዘም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ድንዛዜው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ወረደ። እሱ ግን ጣቶቹን በጋቢው ሥር ደብቆ ጥምቀትን ጠበቀ።

የ1998 የከተራ ዕለት እኔም ነበርሁ። ታቦቱ ወጥቶ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ሲደርስ፣ ወንድሜ ታቦቱን የደገፈበት ቀኝ እጁ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲንሸራተት አየሁ። እጁ መውረዱን ራሱ አላወቀም። አጠገቡ የነበረው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቶሎ ብሎ ከራሱ ላይ ባይቀበለው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ማሰብ አልፈልግም። እልልታው ተቋረጠ። ታቦቱ በቄስ ኃይለ ሚካኤል ራስ ላይ ሆኖ መንገዱን ቀጠለ፤ ወንድሜ ከዋርካው ግንድ ላይ ተደግፎ ቀረ። እንደዚያ አፍሮ አይቼው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን እየጎተትሁ ደብረ ማርቆስ አመጣሁት፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ላኩን። የተቀበለን ሐኪም ዶክተር ቢያዝን የቢቸና ሰው ነበርና በአገራችን አፍ አስረዳን። በአንገቱ በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ዲስክ የሚሉት፣ ከቦታው ወጥቶ ወደ እጅ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖታል። እሱን ማውጣት፣ በምትኩ ከራሱ ዳሌ የተቆረጠ አጥንት ማስገባት፣ አጥንቶቹ ተጋጥመው አንድ እስኪሆኑ ድረስም በፊት በኩል ማሰሪያ መትከል ያስፈልጋል። «ከአጥንቴ ሌላ ሚስት እንዳትሠሩልኝ እንጂ ይሁን» አለ ወንድሜ። ከዋርካው ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ማሰሪያው እንደ ወትሮው ብረት ይሆናል ብዬ ነበር። በዚያ ወር ግን ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች አዲስ ዓይነት ይዘው መጥተው ነበርና ዶክተር ቢያዝን አንዱን አውጥቶ አሳየኝ። ከአውራ ጣት የማይረዝም፣ እንደ መስተዋት የጠራ ስስ ነገር ነው፤ ብሎኖቹም እንደዚያው የጠሩ ናቸው። ሲሞቅ ይለሰልስና በአንገቱ ልክ ይታጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

«ግንብ ሲቆም እስኪደርቅ በእንጨት ይደገፍ የለም?» አለኝ ዶክተሩ። «ይህም ድጋፍ ነው። ልዩነቱ ማንም ሳያነሣው በሁለትም በሦስትም ዓመት ራሱ ቀልጦ ይጠፋል። አንገቱ ውስጥ የሚቀረው የራሱ አጥንት ብቻ ነው።»

ቀዶ ሕክምናው መጋቢት ላይ ተሠራ፤ በሰላም ወጣ። ነገሩ የተበላሸው በማግሥቱ ነው፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ወንድሜ አልጋው ላይ እንደተኛ፣ የገባለት ነገር ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ። እኔም ከሐኪሞቹ የለቃቀምሁትን ዕውቀት ላሳይ ቸኮልሁ። ከበቆሎ ስኳር ነው፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ተብላልቶ የሚሠራ ነው፣ ሌት ተቀን በጥቂት በጥቂቱ እየቀለጠ ወደ ደምዎ ይገባል፣ ሰውነትዎም እንደ ማንኛውም ምግብ ይጠቀምበታል እያልሁ ዘረገፍሁለት። «እንደ ምግብ?» አለኝ። እኔም ኮራ ብዬ አዎ አልሁት።

ሦስት ወር የአንገት መደገፊያ አድርጎ ከረመ። ሐምሌ ላይ ያለ ማንም እርዳታ መርፌ በክር ሰክቶ ሲያሳየኝ እልል አልሁ። ዘመዶቻችን ማሰሪያውን ለማየት የራጅ ፊልሙን ወደ ፀሐይ እያነሡ ቢያገላብጡት፣ ነገሩ በራጅ የማይታይ ነውና ምንም አጡ። አንዷ አክስታችን «አንቺ ነርሷ፣ ባዶውን ሰፍተው ሰደዋችኋል እኮ» ብላ ስታበሽቀኝ ዋለች።

የ1999 ጥምቀት ወንድሜ ታቦት አልተሸከመም። ገና ነውና ማንም አልጠየቀውም። ግን ወደ ቅዳሴም አልተመለሰም። ሰንበት በሰንበት በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ያመሰግናል፤ ልዑካኑ ወደ መቅደስ ሲገቡ እሱ ከሕዝቡ ጋር ይቀራል። ሰዉ አንገቱ ነው ብሎ አዘነለት። ሚስቱ ወለተ ሰንበትም፣ እኔም፣ ሁላችንም አንገቱ ነው ብለን ተቀመጥን።

በ2000 መስከረም መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ ስለ አዲሱ ሺህ ዓመት ሲጨፍር፣ የደብሩ አዛውንት ቄስ አባ ኪዳነ ማርያም ዐረፉ። ለአርባቸው ኅዳር መባቻ ላይ ግራር አምባ ስሄድ ጉዱን ሰማሁ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቆምም። በደብሩ የቀሩት ቄስ ኃይለ ሚካኤልና ወንድሜ ናቸው፤ ወንድሜ አልገባም አለ። አምስት ሰንበት ቅዳሴ ታጉሏል። ክርስትና የሚነሣ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ሌላ ደብር ይሄዳል። የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ቄስ ደምለው እስከ ጥምቀት ወደ መቅደስ ካልተመለሱ ሌላ ቄስ በቦታቸው እናመጣለን ብሎ ወስኗል። በተስካሩ ድንኳን አንዱ ሰውዬ እኔ እየሰማሁ፣ እጁ ድኖ ሞፈር ይጠርባል፣ ቅዳሴ ሲባል ብቻ ይታመማል ብሎ ተናገረ። እውነቱን ነው፣ ሞፈር ሲጠርብ እኔም አይቼዋለሁ።

ደሜ ፈላ። ወንድሜን ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ለብቻው አገኘሁት።

«አያ፣ ምንዎን ነው የሚያመዎት?» አልሁት።

«ምንም አያመኝ።»

«እንግዲያ ስለምን አይቀድሱም?»

እንዲህ አለኝ፦ «ቀዳሽ ከዋዜማው አፉን ዘግቶ ነው የሚያድረው። እኔ ግን ያ በቆሎ ሌት ተቀን ደሜ ውስጥ እየገባ ነው፣ አንቺው ነግረሽኛል። ስበላ አድሬ በጾም ነኝ ብዬ እንዴት መንበሩ ፊት እቆማለሁ? ሦስት ዓመት ድረስ ይቀልጣል ብለዋል። እስኪያልቅ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ቀጥሎ ያ የሆስፒታል አልጋና የእኔ መኩራራት ትዝ አለኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህሁበት።

«ስንት ደክመሽ አዳንሽኝ» አለኝ። «ያዳንሽኝ ነገር ከመቅደስ አስወጣኝ ልበልሽ?»

አለቀስሁ። ሃያ ወር ሙሉ ስሙ ሲጠፋ፣ ሰነፍ ሲባል፣ እኔን ላለማስቀየም ዝም ብሏል። ከዚያ እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ነገ ጠዋት ያስተማሩዎት የኔታ ዘንድ ዲማ እንሄዳለን አልሁት። ሥራ አለኝ፣ ውድማ አለኝ አለ። እኔም ካልመጣ የነገረኝን ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ እንደማወራ ነገርሁት። እንደማደርገው ስለሚያውቅ መጣ።

በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ቢቸና፣ ከዚያ በእግር ዲማ ገባን። መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ዓይናቸው ደክሟል፤ ተማሪዎቻቸውን በኮቴያቸው ነው የሚለዩት። ወንድሜ ገና ደጃፉን ሲረግጥ «ደምለው ነህ» አሉ። እኔ ከጎጆው በር ላይ ተቀመጥሁ። እሱ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ከጣራው መውደቅ እስከ በቆሎው ድረስ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሲጨርስ የኔታ ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«ደምለው፣ ትናንት ማታ ምን በላህ?» ብለው ጠየቁት።

«ሽሮ፣ የኔታ።»

«ዛሬ ሲነጋ ከሆድህ ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ የለም፣ ሲፈጭ ነው የሚያድረው።»

«ወደ ደምህ እየገባ?»

«እየገባ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ቀዳሽ ሁሉ ጾሙን ሽሮ ነዋ የሚቀድሰው» አሉት።

ወንድሜ ቀና አለ። የኔታም ጾም የአፍ በር ነው፣ አንተ በሩን ከዘጋህ ከውስጥ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው አሉት። አንገትህን የያዘልህም መድኃኒት እንጂ መብል አይደለም፣ ቁስል የተሰፋበትን ክር ማን ማዕድ ብሎት ያውቃል አሉ። እኔ በር ላይ ሆኜ እፎይ ስል፣ ድምፃቸው ጠነከረ።

«ጥፋትስ አለብህ። ዘጠኝ ዓመት ጥያቄ ሳስጠይቅህ ከርሜ፣ አንዲት ጥያቄ ይዘህ ሁለት ዓመት ተደበቅህ። ሳትጠይቅ በራስህ ላይ ፈረድህ፣ በሕዝቡም ላይ ቅዳሴ አስታጎልህ። ስግደት አላዝብህም፣ የአንገትህን ነገር ሐኪም ያውቃል። ከእንግዲህ ግን እስከ ጥምቀት አንዲት ሰንበት ቢያመልጥህ እኔን አታየኝም።»

በመጪው ሰንበት ግራር አምባ ሚካኤል ቅዳሴ ገባ። እኔ ሥራ ትቼ ቀረሁ። ወንድሜ ከመቅደስ ወጥቶ በተመለሰች ቀኝ እጁ ሕዝቡን ሲባርክ፣ በድንኳን የሰደበው ሰውዬ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን በክርኔ ልወጋው ቃጥቶኝ ስለ ቦታው ክብር ተውሁት።

ሰዉ ግን አንዴ ከቀደሰ ታቦቱንም ይያዝ ማለት ጀመረ። እኔ የወንድሜን ዓይን አውቀዋለሁ፣ ይህን እሱ ከሁሉም አሥር እጥፍ ይፈልገው ነበር። ደብረ ማርቆስ ራጅ አስነሣሁትና ፊልሙን ይዤ አዲስ አበባ ዶክተር ቢያዝን ዘንድ ሄድሁ። ዶክተሩ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው። አምስተኛውና ስድስተኛው አጥንት የት እንደሚለያዩ ፈልጊ አለኝ፤ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ሆነዋል። ማሰሪያው አሁን ቢቀልጥም ባይቀልጥም ሥራውን ጨርሷል አለኝ። ታቦት መሸከም ይችላል ወይ ስለው፣ ክብደቱ ስንት ኪሎ ነው ብሎ ጠየቀኝና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። እኛ አገር ታቦት ሚዛን ላይ አይወጣም፤ እሱም የቢቸና ልጅ ነው።

«ተይው፣ አልጠየቅሁሽም» አለኝ። «ከሁለት ኪሎ ጤፍ ይጀምር፤ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምር። እጁ አንዲት ቀን ከደነዘዘው ያቁም።»

እንደዚያው ሆነ። ወለተ ሰንበት ጤፉን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ትሰጠዋለች፣ እሱ በራሱ ላይ አድርጎ ማለዳ ማለዳ ከቤቱ እስከ ምንጩ ደርሶ ይመለሳል። ቄስ በራሱ እህል ተሸክሞ ሲመላለስ ታይቶ አይታወቅምና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች «አባ፣ ወፍጮ ቤቱ በዚያ በኩል ነው» እያሉ ሳቁበት። እሱም ገና አልተበጠረም እያለ ያልፋቸዋል። የገና በዓል ሲደርስ ሴቶቹ ነገሩ ገባቸው፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ እየለቀቁ ያሳልፉት ጀመር።

ጥር ፲ ከተራ ሆነ። ታቦቱን ራሱ ላይ ሲያደርጉለት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍት አንገቱ እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሏል፤ እልልታው አገሩን ሞልቶታል። ዋርካው ሥር ሲደርስ ሳይዘገይ አለፈ። ሚካኤል እንደ ሌሎቹ ታቦታት በ፲፩ አይገባም፣ አንድ ቀን አድሮ በ፲፪ ነውና የሚመለሰው፣ የእኔ ጭንቀት ለሁለት ቀን ተራዘመ። አቀበቱ ገና ነበር።

በ፲፪ ከወንዙ ተነሣን። ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሕዝቡ ተጨናንቋል፣ ከደምበጫ የመጡ ፈረሰኞች አቧራውን ያስነሡታል። ዋርካው ሥር ስንደርስ ወንድሜ ቆመ።

ሕዝቡ ታቦቱ ቆመ ብሎ ተንበረከከ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ግን ነርስ ነኝ፤ ያየሁት ቀኝ እጁን ነው። ወረደች ወይስ አልወረደችም? ቄስ ኃይለ ሚካኤልም እንደኔ ፈርቶ ኖሮ አንድ እርምጃ ተጠጋ። እኔም በተንበረከከው ሕዝብ መካከል አንገቴን አሰገግሁ። እጁ አልወረደችም። ጣቶቹ የታቦቱን መጎናጸፊያ ጠርዝ ይዘው፣ አንድ በአንድ ቀስ ብለው ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ከዚያ ተነቃነቀና አቀበቱን ያዘ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ አንድም ጊዜ አላረፈም። ጉባኤው ስለ ሌላ ቄስ የወሰነውን ዳግመኛ ያነሣው የለም።

ማታ ቤቱ ተሰብስበን ሳለ ስለምን እንደቆመ ጠየቅሁት። ደክሞት እንደሆነ፣ አንገቱን አሞት እንደሆነ እውነቱን እንዲነግረኝ ለመንሁት።

«አንገቴስ ደኅና ነው» አለኝ። «ያን ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ እጄ ሲወርድ አላወቅሁም ነበር። ዛሬ የመጎናጸፊያው ጥልፍ በአምስቱም ጣቴ ይሰማኛል። ቸኩዬ እንዳላልፈው ብዬ ነው።»

አፈኛዋ እኔ ነገሬን ትቼ ያን እጁን ሳምሁ። እሱ ቀኝ እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋና፣ የበቆሎ ንፍሮ ካለ አምጪልኝ አላት፤ ሁለት ዓመት በአንገቴ በልቼዋለሁ፣ ዛሬ ደግሞ በአፌ ልብላው አለ።